ሹራቡን ወገቧ ላይ የምታስረው መምህርት

ቲቸር አስናቀች ወደ ማሻ መዛወሯን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ክረምቱን ቴፒ አክስቴ ጋ ከርሜ መመለሴ ነበር። ከመናኸሪያ ወደ ቤት እየሄድን ሾፌሩ አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ «የእነ አስናቀችን ዕቃ ዛሬ ጠዋት አይሱዙ ላይ ጫንን፤ አልጋው ብቻ አስቸገረን» አላቸው።

«የትኛዋ አስናቀች?» አልኩ ከኋላ፤ ሚዛን ከተማ ውስጥ የማውቃት አስናቀች አንዲት ብቻ ሆና ሳለ።

«ያቺ ሹራብ ወገቧ ላይ የምታስረው የስፖርት መምህርት ናታ» አለኝ። «ባሏ ማሻ ከሄደ ቆየ እኮ። ዝውውሩ ገና አሁን ተሳካላት።»

ሴትዮዋ ደግሞ «ውይ፣ ያቺ ሳቂታዋ» አሉ።

የቀረውን መንገድ ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አቅፌ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ቲቸር አስናቀች ማሻ ሄደች፤ ሹራቧ ግን አልሄደም። እኔ ጋ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከእናቴ የበዓል ልብስ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዴት እኔ ጋ እንደቀረ ለመናገር ስለ እሷ መናገር አለብኝ። ስለ እሷ መናገር ደግሞ ደስ ይለኛል።

ቲቸር አስናቀችን መጀመሪያ ያየ ሰው የስፖርት መምህርት ናት ብሎ አይገምትም። አጠር ትላለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ አራት ልጆች ወልዳለች። ስትራመድ ገበያ ሊበተንባት የደረሰ ሴት ትመስላለች። ከእሷ በፊት የነበረው መምህር ከዛፍ ሥር ወንበር አስመጥቶ በፊሽካ ነበር የሚያስሮጠን። እሷ በመጣች በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ያንኑ ወንበር ተሸክሞ አመጣላት። አየችውና «ይሄ ለማን ነው?» አለች።

«ለእርስዎ ነው ቲቸር።»

«እኔ ቁጭ ብዬ ሩጡ ካልኳችሁ እናንተም ቁጭ ብላችሁ እሺ ትሉኛላችሁ። መልሰው። ደግሞ ‹እርስዎ› የምትለኝ ስንት ሰው ሆኜ ታየሁህ? አንቺ በለኝ፣ ገና አላረጀሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እያልናት፣ አብራን እየሮጠች፣ ፊሽካዋን እንደ ከረሜላ በጥርሷ ይዛ እየነፋች ተማርን። የምትሮጠው ከኋላችን ነው። ቀድሞ የደረሰውን አታደንቅም፤ የመጨረሻውን ልጅ ጠብቃ አብራው ትገባና «ደረስን» ትላለች። «ደረስክ» አትልም።

ሹራቡ ግራጫ ነው። ፀሐይ ይሁን ጭጋግ፣ ሜዳ ይሁን ክፍል፣ እጅጌዎቹን ሆዷ ላይ ቋጥራ፣ የቀረውን ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ ድረስ ለቃ ትሄዳለች። እኛ ሴቶቹ አበድንለት። ጓደኛዬ ሰሚራ ከእኔ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምራ የተማረች፣ አባቷ ከጅማ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ልጅ ናት፤ ማንኛውም ፋሽን ሚዛን የሚገባው መጀመሪያ በእሷ በኩል ነው። እሷ ቀይ ሹራብ ወገቧ ላይ አስራ በመጣች በሳምንቱ የክፍላችን ሴቶች ግማሹ አሰሩ። ዳይሬክተራችን ሰልፍ ላይ ቆመው «ሹራብ የሚለበስ ነገር ነው፤ ከነገ ጀምሮ ወገቡ ላይ ሹራብ ያሰረ ተማሪ ግቢ አይገባም» ብለው ተቆጡ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። ቲቸር አስናቀች ከጎናቸው ቆማለች፤ ሹራቧ ወገቧ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ዞር ብለው አዩዋት። «እኔ ተማሪ አይደለሁም» አለቻቸው። በዚያው ቀረ።

አሁን የእኔን ልናገር። ስሮጥ ሽንቴ ያመልጠኛል።

ይኸው ጻፍኩት፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም። ድሮ ግን ይህን ቃል ለሰው ከምናገር ባሮ ውስጥ ብገባ እመርጥ ነበር። የጀመረኝ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ፍጥነት ስጨምር፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ እግሬ መሬት በነካ ቁጥር ጠብ ይላል። መጸዳጃ ቤት ሄጄ ብመጣም ያው ነው። ገመድ ስዘልም፣ ሰሚራ ስታስቀኝም ይመጣል። በዓለም ላይ ከእኔና ከሕፃናት በስተቀር ይህ የሚደርስበት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የትምህርት ቤታችን የስፖርት ቁምጣ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ነው። ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ የብር ሳንቲም የሚያህል ምልክት ታወጣለች።

ስለዚህ ዝናብ ወደድኩ። ሚዛን ዝናብ የሚለመንበት አገር አይደለም፤ ሳይጠሩት ይመጣል። ዝናብ ሲጀምር ልጆቹ ሁሉ ወደ በረንዳ ሲሮጡ እኔ ወደ ሜዳ እሮጣለሁ። ዝናብ ውስጥ ሁሉም ሰው እርጥብ ነው። ማንም የማንን አያውቅም። እግሬን እንደልቤ እዘረጋለሁ፣ እስቃለሁም፤ ወንዶቹን ሳይቀር እቀድማለሁ። ታሪኩ የሚባል፣ አፉ ከእግሩ የሚፈጥን የክፍላችን ልጅ «እንቁራሪት» ብሎ ስም አወጣልኝና ሁሉም እንቁራሪት አሉኝ። ምሕረት የምትለኝ እናቴ ብቻ ቀረች። አልከፋኝም። እንቁራሪት መባል ከሌላው ስም ይሻላል።

ችግሩ አባቴ ነው። አባቴ ቡና አለው፤ ቡና ሲለቀም ከጓሯችን ባሉት አልጋዎች ላይ ይሰጣል። የቡና አልጋ ማለት በእንጨት ቆሞ ሽቦ የተዘረጋበት፣ ቀዩ ቡና እስኪደርቅ የሚገላበጥበት ነው። ያን ጊዜ ዝናብ መጣ ማለት ቤተሰቡ በሙሉ ፕላስቲክ ይዞ መሮጥ ነው፤ እርጥበት ከገባው ይሻግታል፣ ዋጋው ይወድቃል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽማግሌው ቆመው «ጌታ ሆይ፣ ቡናችን እስኪደርቅ ዝናቡን ያዝልን» ብለው ሲጸልዩ ሰው ሁሉ «አሜን» ይላል። እኔ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። በልቤ የራሴን ጸሎት እጸልያለሁ፤ ከጉባኤው ተቃራኒ።

እግዚአብሔር በዚያ ዓመት የእነሱን ሰማ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከአጎራባች ዞኖች ትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለቱ ቀዳሚዎች ወደ ሐዋሳ ይሄዳሉ ተባለ። እኔ ደግሞ ከሚዛን ወጥቼ የማውቀው ቴፒን ብቻ ነው። ሐዋሳ መሄድ፣ ሐይቁን ማየት፣ እዚያ መሮጥ፤ ከዚህ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ልምምዱ ግን የቡና መስጫ ጊዜ ላይ ዋለ። ሰማዩ ጥርት አለ። አባቴ እያፏጨ ቡናውን ያገላብጣል፤ እኔ በየጠዋቱ በመስኮት ደመና እፈልጋለሁ።

ደመናው እንቢ ሲል በራሴ ዘዴ ገባሁ። ውሃ መጠጣት አቆምኩ። ከሌለ ምኑ ያመልጣል ብዬ። ጠዋት እናቴ የምታፈላልኝን ጬሞ ግን አልተውኩም። ጬሞ የቡና ቅጠል ተጠብሶና ተወቅጦ ከሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብልና ከቅመም ጋር የሚፈላ ነው፤ በእኛ ቤት ያለ እሱ ቀን አይጀመርም። እንደ ውሃ ቆጥሬው አላውቅም። ለእኔ ጬሞ ቁርስ ነው። እንዲያውም ለልምምድ ኃይል ይሰጠኛል ብዬ ሁለተኛ ኩባያ አስጨምር ነበር። የገረመኝ ነገር፣ ውሃ ካቆምኩ ወዲህ ነገሩ ባሰብኝ። ያቃጥለኝም ጀመር። ስለዚህ ከአሮጌ ፎጣ ቆርጬ፣ አጣጥፌ ከውስጥ አደረግሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ እያለች፣ የሜዳውን የሩቅ ጥግ ስዞር ያ ፎጣ ሾልኮ ወደቀ። ሲወድቅ ተሰምቶኛል። ልቆም አልቻልኩም፤ ከኋላዬ ወንዶቹ አሉ። ትንሽ እንደሄድኩ የታሪኩን ድምፅ ሰማሁ።

«ይሄ የማን ነው? ኧረ እርጥብ ነው።»

ዞሬ አየሁ። በእንጨት አንስቶታል። ልጆቹ ከበቡት። እኔ ቆምኩ። ቁምጣዬ ላይ ያለው ምልክት የሜዳውን ግማሽ ያከለ መሰለኝ። ታሪኩ እንጨቱን ከፍ አድርጎ እያዞረ «ባለቤት የለውም? ሐራጅ ልበለው?» ይላል።

ቲቸር አስናቀች ከመጨረሻው ልጅ ጋር እየሮጠች ደረሰች። ፎጣውን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ በጣም ትንሽ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኗ ያለፈብኝ እንጂ ያረፈብኝ አይመስልም። ፊሽካውን ከአፏ አወጣች።

«የእኔ ነው» አለች። «አምጣ።»

ታሪኩ እንጨቱን ይዞ ቀረ። «ያንቺ? ምንድነው ቲቸር?»

«የአራት ልጆች እናት ነኝ። ከኪሴ የማይወድቅ ምን አለ?» በእጇ ከእንጨቱ ላይ ወሰደችው፣ ቀስ ብላ አጣጠፈችው፣ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ሐራጁ አለቀ። አንተ ደግሞ ጉልበት ስለተረፈህ ሁለት ዙር ጨምር።»

በእጇ ነው የያዘችው። እርጥቡን።

ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ አልሄድኩም። ለሰሚራ «አባቴ ቡና ልቀሚ ብሎኝ ነው» አልኳት፤ ሐዋሳን ከልቤ ልሰርዝ ሞከርኩ። ሐይቅ ቢቀር ምን አለበት፣ ባሮም ውሃ ነው፣ እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጓሮ የተበላሸውን ፍሬ ከአልጋው ላይ ስለቅም እናቴ «ምሕረት፣ እንግዳ» አለች። ቲቸር አስናቀች በአንድ እጇ የጬሞ ኩባያ ይዛ መጣች። እናቴ እስክትገባ ጠበቀች። ከዚያ ኩባያውን አስቀመጠችና ከአልጋው ማዶ ቆማ አብራኝ መልቀም ጀመረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች፤ ዓይኗን ከቡናው ላይ ሳታነሳ።

«ምኑ?»

«ዝናብ ሲሆን አንደኛ፣ ፀሐይ ሲሆን አምስተኛ የምትወጪው። እንቁራሪት ይሉሻል፤ እኔ ግን እንቁራሪት ስትሮጥ አይቼ አላውቅም።»

እንባዬ ቡናው ላይ ጠብ አለ፤ በመካከሉም አባቴ ቢያይ እርጥበት ገባው ብሎ እንደሚቆጣ ትዝ አለኝ።

«ይሄ ሹራብ ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ፋሽን።»

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ግን ድንገት ቆመች፣ ጭኖቿን ገጠም አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ከፈተች። «እንዲህ ነው ፋሽኑ» አለች። «ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። እኔ ያንቺን ያህል ሳለሁ ቦንጋ ውስጥ የምትቀድመኝ ሴት አልነበረችም። ከዚያ ይሄ መጣ። ለማንም አልነገርኩም። ሩጫ አቆምኩ፤ ለባሌ ደከመኝ አልኩት። የስፖርት መምህርት ሆኜ፣ ዓመታት፣ ቆሜ ፊሽካ ስነፋ። በኋላ አማን ሆስፒታል ላለች ነርስ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ለምን እስካሁን ዝም አልሽ? የወለዱት ብቻ አይደሉም፤ ያልወለዱ ሯጮችም ይመጣሉ› አለችኝ።»

«ያልወለዱም?»

«ይኸው አንቺ አለሽ።»

ከዚያ እዚያው፣ የቡና አልጋው ዳር፣ አስተማረችኝ። «ሽንትና ፈስ አንድ ላይ መጥቶብሽ ሰው ፊት ስትይዢ ወደ ላይ የምትስቢው ቦታ አለ አይደል? እሱን ነው የምታሠሪው። ሆድሽን አይደለም፣ ቂጥሽን አይደለም። ትንፋሽሽንም አትያዢ።» እጇን ጨበጠች። «ጨብጪ። ያዢው። አሁን ልቀቂ።» እጇን ዘረጋች። «መልቀቁንም እንደ መጨበጡ ተማሪው፤ ሁልጊዜ የተጨበጠ እጅ ይዝላል። ክፍል ቁጭ ብለሽ፣ ሰልፍ ላይ ቆመሽ፣ ቡና እየለቀምሽ ማድረግ ትችያለሽ። ማንም አያውቅም። ከመሳልሽ በፊት፣ ከመዝለልሽ በፊት ጨብጪ። በአንድ ሳምንት ለውጥ የለም፤ በወር በሁለት ወር ግን ታያለሽ።»

«ውሃም አቁሜያለሁ» አልኳት፤ እንድታመሰግነኝ ፈልጌ።

«ምን?»

«ውሃ አልጠጣም። ጬሞ ብቻ።»

ኩባያዋን አየች፣ እኔን አየች። «ስንት ጬሞ?»

«ሁለት። ለኃይል።»

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ውሃውን ትተሽ እሳቱን ጠጣሽ። ሽንትሽ ሲጠነክር ፊኛሽን ያስቆጣዋል፤ ያ ሚጥሚጣና ቡና ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። ውሃ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያልሽ ጠጪ። ከመሮጥሽ በፊት ሽንት ቤት ሂጂ፣ አንዴ፤ በየደቂቃው ለምናልባቱ እያልሽ አትመላለሺ። ጬሞው ለሩጫ ቀን አይሆንም። ሰኞ ደግሞ እኔና አንቺ አማን እንሄዳለን፤ የሚያቃጥልሽ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ትመርምርሽ።»

ያን ጊዜ ነው፣ ያ ሁሉ ቀን ስለምነው የከረምኩት ዝናብ የመጣው። ከየት እንደመጣ እንጃ። እናቴ ከቤት «ቡናው» ብላ ጮኸች። ቲቸርና እኔ ፕላስቲኩን ከሁለት ጫፍ ይዘን ሮጥን፤ ነፋሱ ከእጇ ነጠቃት፣ ፊቷን ሸፈናት፣ እኔ ሳቅኩ፣ እሷም ፕላስቲኩ ውስጥ ሆና ሳቀች። ሸፍነን ስንጨርስ ሁለታችንም እርጥብ ነን።

«ዝናቡ ነው?» አልኳት።

«የእኔ ግማሹ» አለች። «ያንቺስ?»

«የእኔም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሰኞ ነርሷ መረመረችኝ። ኢንፌክሽን ነበረኝ፤ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ማቃጠሉ ተወኝ። የቀረው የጡንቻ ሥራ ነው አለች፤ ቲቸር እንዳለችው። ልምምድ ተመለስኩ። ከኋላዬ እየሮጠች አንዳንዴ እጇን ጨብጣ ከፍ ታደርጋለች፣ ከዚያ ትዘረጋለች። እኔ ብቻ አውቃለሁ። ሌሎቹ «በርቱ» ማለቷ መስሏቸው እነሱም እጃቸውን ይጨብጡና ያነሳሉ። ታሪኩ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ከፍ አድርጎ ነበር የሚያነሳው። ስንት ቀን ሳቄን ውጬ ቀረሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ዳይሬክተሩ ክፍላችን መጥተው የሴቶች ቡድን ቁምጣ ከውሃ ሰማያዊ ወደ ጥቁር እንደተቀየረ ነገሩን። «ቲቸር አስናቀች እንዳለችው፣ ጭቃ አያሳይም» አሉ። ሰሚራ «ጥቁር ያከሳል ደግሞ» አለች። ቲቸር በሩ ጋ ቆማለች። እኔን አላየችም። ጭቃ ባልነበረበት ወር ስለ ጭቃ መምህራኑን ሁሉ ያሳመነች ሴት እሷ ናት።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነበር። እናቴ ኩባያ ሞልታ ጬሞ አቀረበችልኝ፤ ለልዩ ቀን ብላ ሚጥሚጣውን አጠንክራዋለች።

«ዛሬ አልጠጣም፣ እማዬ።»

«የእናትሽን ጬሞ? ሐዋሳ ሳትሄጂ ገና የከተማ ሰው ሆንሽ?»

እናቴ በቀላሉ አትከፋም፤ ስትከፋ ግን ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች። የታጠበውን ኩባያ ደግማ ማጠብ ስትጀምር አላስቻለኝም። ነገርኳት። ስሮጥ የሚሆነውን፣ ጬሞ ለምን እንደሚያስቸግር፣ ሁሉንም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰማች። ውሃው ከእጇ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

«እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «ታናሽሽን ከወለድኩ ወዲህ ሳስነጥስ። መዝሙር ስንዘምር ሲዘለል እኔ የማልዘለው ለምን ይመስልሻል?» ከዚያ ጬሞውን አንስታ ራሷ ጠጣችውና በዚያው ኩባያ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። «ቀስ እያልሽ» አለች።

ሩጫው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነበር። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞልቶታል። ከገጠር ወረዳ የመጣች ረጅም ልጅ ከመነሻው ቀድማ ወጣች፤ እሷን ማንም እንደማይደርስባት ወዲያው ገባን። የቀረው አንድ ቦታ ነው። ለእሱ እኔና አንዲት የቴፒ ልጅ ተያያዝን። መካከሉ ላይ ደህና ነበርኩ፤ ደረቅ ነበርኩ። ፀሐይ ላይ እየሮጥኩ ደረቅ መሆኔ ራሱ ክንፍ ሰጠኝ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን የቴፒዋ ልጅ ፍጥነት ጨመረች። እግሬን እንደ ዝናብ ቀን ካልዘረጋሁ አልደርስባትም። ከዘረጋሁ ደግሞ አውቀዋለሁ።

ቲቸር አስናቀችን መጨረሻው ገመድ ጋ ቆማ አየኋት። እጇን ጨብጣ ከፍ አድርጋለች። ከኋላዋ ሰሚራ፣ ታሪኩ፣ ክፍላችን በሙሉ፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ፣ ሁሉም እጃቸውን ጨብጠው ከፍ አድርገዋል። የትምህርት ቤቱ ሰው በሙሉ ሳያውቀው «ጨብጪ» ይለኛል። ጨበጥኩ፤ ከዚያ እግሬን ዘረጋሁት።

ሁለተኛ ወጣሁ።

አመለጠኝ ወይ? አዎ፣ መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ። ቁምጣው ጥቁር ነው፤ ማንም አያይም። ግን እኔ ተሰምቶኛል፤ ሰው ሁሉ እያቀፈኝ፣ ፎቶ ተነሺ እየተባልኩ፣ እግሬን ገጥሜ ጎንበስ አልኩ። ቲቸር አስናቀች ሰዉን ገፍታ ደረሰች። የሹራቧን ቋጠሮ ፈታች። ወገቤ ላይ አሰረችልኝ፤ ሁለቴ ቋጠረችው።

ያን ጊዜ ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ የቲቸር አስናቀችን ጀርባ አየ። ምንም የለበትም። ቱታ የለበሰች የአንዲት ሴት ጀርባ ነው።

ታሪኩ «ቲቸር፣ ፋሽኑ አለቀ?» አላት።

«ለእሷ ሰጠሁት» አለች፣ ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ ሜዳው መሃል ዘለለች። እንደ ልጅ ዘለለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግማ። እኔ ትንፋሼን ይዤ አየኋት፤ መዝለል ለእኛ ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ወደ እኔ ዞረች፣ እጇ ተጨብጧል። ፈገግ አለችና ዘረጋችው።

ሐዋሳ ሄድኩ። ሐይቁን አየሁ። ሰባተኛ ወጣሁ፤ ስለ እሱ የምናገረው ብዙ የለኝም፣ ሐይቁ ግን ትልቅ ነው። ሹራቡን ልመልስላት ስል «ያዢው፣ እጠይቅሻለሁ» አለችኝ። አልጠየቀችኝም። እሷም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሹራብ አላሰረችም።

ባጃጁ ቤት ካደረሰኝ በኋላ ስልኳን ከዳይሬክተሩ ተቀብዬ ደወልኩ።

«እንቁራሪቷ ናት?» አለች።

«ሳትነግሪኝ ሄድሽ።»

«አንቺ ቴፒ ነሽ፣ መኪናው በር ላይ ነው። አልጋውን አስወርጄ ልጠብቅሽ?»

ተሳሳቅን። ስለ ማሻ ጠየቅኳት፤ ጫካው ደጅ ድረስ ነው አለች፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይለቅም አለች፣ ተማሪዎቹ ወንበር አመጡላት። ከዚያ ደፍሬ «ስለ አንቺ ልጽፍ ነው» አልኳት።

«ስለ ምኔ?»

«ስለ ሹራቡ።»

«ሹራቡን ከጻፍሽ» አለች፣ «ለምን አስረው እንደነበር ጻፊ። ያለበለዚያ ፋሽን ነው ብለው እንደገና ያስራሉ፤ አንዷም ነርስ ጋ አትሄድም።»

«እሺ።»

«ደግሞ ሹራቤን መልሺልኝ። አሁን ፈለግሁት።»

«ተመለሰብሽ እንዴ፣ ቲቸር?»

«ምኑ? አይ። ማሻ ይበርዳል። ትከሻዬ ላይ ልለብሰው ነው።»

ቅዳሜ ማሻ የሚሄድ ሚኒባስ አለ፤ አባቴ ፈቅዶልኛል። ዛሬ ጠዋት ሹራቡን አጠብኩት። የቡናው አልጋ ገና ባዶ ስለሆነ እዚያ ላይ አሰጣሁት፤ እጅጌዎቹን ዘረጋሁለት። ከበበቃ ቡና እርሻ በኩል ደመና እየመጣ ነው። አባቴ ከደጅ ሲገባ አልጋው አጠገብ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜ አገኘኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጸለይኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ዝናቡን እስከ ቅዳሜ እንዲይዝልኝ።»

ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ። ባርኔጣውን አወለቀና «አሜን» አለ።